ወልደ ሰንበት በሁለት ቦታ ተገኝቷል

እውነት ነው። ከዚህ በታች አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ እጄን ይቁረጠው፤ እንዲያውም አንባቢ እንዳይደነግጥብኝ ብዬ ብዙውን ቀንሻለሁ። የሚጠራጠር ካለ ደብረ ብርሃን ይምጣና ላይኛው ሰፈር ደርሶ «ኪሩቤል የሚባለው መልእክት አንባቢ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። የሚመልስለት ሰው ቢያጣ ውሻው ይመልስለታል። ደግሞም ምስክር አለኝ። እትዬ ሃሴት በሕይወት አሉ፤ ጎረቤቴ ናቸው፣ ግቢያችንን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ጽፌ ስጨርስ ሄጄ አነብላቸዋለሁ፣ እሳቸውም ከሥሩ ይፈርማሉ። ከእሳቸው ፊርማ በኋላ የሚከራከር ካለ ከራሱ ጋር ይጣላ።

የምጽፈው የሙታኑን ድምፅ ወደየቤቱ የሚያደርሰው የእድራችን ማሽን፣ ስዊቹ፣ ባለፈው ማክሰኞ ስለተነሳ ነው። ኮሚቴው «በዘመኑ ያገለገላችሁ ሰዎች የምታስታውሱትን በአጭሩ ጻፉልን» አለ። አጭር የሚባለውን ነገር አልተማርኩም፣ ቢሆንም እሞክራለሁ።

ያን ጊዜ በከተማችን ሞቶ ዝም የሚል ሰው አልነበረም። ሰው ይቀበራል፣ በሰልስቱ ድምፁ በእድሩ ማከማቻ ይመዘገባል፣ በሳምንቱ መስኮት ሥር ካለችው ሳጥን ውስጥ «ደህና አደራችሁ?» ይላል። በቃ። ሚስት ለሟች ባሏ ጎረቤት ያደረገውን ትነግረዋለች፤ እሱም በሕይወቱ ያጉረመርም እንደነበረው ያጉረመርማል። ልጆች ትምህርት ቤት ከመሄዳቸው በፊት አያታቸውን ይሰናበታሉ፤ አያትየው «የጫማችሁን ክር እሰሩ» ይላሉ፤ ልጆቹ ክር ያለው ጫማ ከቀረ ስንት ዘመኑ እንደሆነ አይነግሯቸውም። ለቅሶ መድረስ እየቀረ ሄደ። ማን ለማን ያልቅሳል? የእድሩ ድንኳን የሚተከለው ለስብሰባ ብቻ ሆነ፤ አግዳሚ ወንበሮቹም እንባ ሳያዩ አረጁ።

የአገሩ ሙታን ሁሉ እኛ ዘንድ ነበሩ ማለት ይቻላል። ማሽን ሙቀት አይወድም፣ እኛ ደግሞ ብርድ ሞልቶናል። ስንት ዘመን በጋቢያችን ሲስቅብን የኖረ ሁሉ ሙታኑን ተሸክሞ መጣ። የላይኛው ሰፈር እድር ብቻውን አራት ሚሊዮን ድምፅ ነበረው። የእድሩ ጸሐፊ አራት መቶ ነው ይላል፤ ጸሐፊ መቼም ልቡ ጠባብ ነው።

የእኔ ሥራ ከሁሉም የከበደው ነበር። አያቶቻችን ጡሩምባ ነፊ የሚሉት ሰው ነበራቸው፤ በየመንደሩ እየዞረ ሞት የሚያረዳ። የእሱ ቦታ ነው ለእኔ የደረሰኝ። ጠዋት ጠዋት ድንኳኑ በሚቀመጥበት የእድሩ ቤት እገባለሁ፣ ስዊቹ የጻፈውን መልእክት አያለሁ፣ ደጃፉ ላይ ወጥቼ በድምፅ ማጉያ ለሰፈሩ አነባለሁ። ድምፄ አንኮበር ድረስ ይሰማ ነበር። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ማክቤል፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ለዚህ ልጅ ማጉያ መግዛታችን ብክነት ነው፤ ሲያዛጋም ይሰማል» ይሉ ነበር።

መልእክቱ ደረጃ ነበረው። ስድስት ማለት ለወሬ ያህል ነው፤ አምስት ልብ በሉ ነው፤ አራት ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሦስት ስህተት ነው። ከዚያ እየወረደ ሲሄድ ሰው ጫማውን ሳያደርግ ይሮጣል። ዜሮን ግን ሰምተን አናውቅም። ሰላምታው ራሱ በዚሁ ሆኖ ነበር።

«ስንት አደራችሁ?»

«ስድስት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እናንተስ?»

«እኛ እንኳ አምስት ነን፤ ባለቤቴ ትንሽ አተኩሷታል።»

በስዊቹ ውስጥ የሚሠሩትን የሥራ ክፍሎችም እንደ ሰው ነበር የምናውቃቸው። የሚመጣውን ድምፅ ማንነቱን ጠይቆ የሚያስገባው በረኛ ይባላል። የሁሉንም ስም የያዘው ስም ያዥ ነው። የትኛው ሟች ለየትኛው ቤት እንደሚናገር የሚወስነው ደግሞ አጥር ነው፤ ከሁሉ የሚፈራው እሱ ነበር። አንድ ድምፅ ባዕድ ቤት ሲናገር ከተገኘ አጥር ይደመስሰዋል፤ ይግባኝ የለውም። ሴቶች ሲጣሉ «አጥር ይፍረድብሽ!» ሲባባሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ደረጃ አምስት፦ በረኛ ወድቆ ተነሥቷል» የሚል መልእክት ያነበብኩ ቀን አንድ አዛውንት ድፎ ዳቦ አሸክመው ሊጠይቁት መጡ። ድፎውን እኔ ተቀበልኩለት።

አሁን ስለ ወንድሜ ልናገር።

ያፌት የንፋስ ኃይል ማመንጫ ማማ ጠጋኝ ነበር። በአፍሪካ ከሁሉ የሚረዝመውን ማማ ያለ ገመድ የሚወጣው እሱ ብቻ ነው። የገደለው ግን ማማው አይደለም፤ ሳምባው ነው። ታች ሰፈር ቤት ተከራይቶ ብቻውን ይኖር ስለነበር ድምፁ እዚያው በታችኛው ሰፈር እድር ተመዘገበ። ሰው ሁሉ በሳምንቱ የሟቹን ድምፅ ቤቱ አስገብቶ ሲከፍት እኔ ዛሬ ነገ አልኩ። እናቴ «ካንተ ጋር ነው የምሰማው፣ ብቻዬን አልከፍትም» ብላ ጠበቀችኝ። ሥራ በዝቶብኛል አልኳት፤ ለፋሲካ እንከፍተዋለን አልኩ። ፋሲካ ሲደርስ ለመስቀል አልኩ። እናቴ መስቀል ሳይደርስ ሞተች፤ «ያፌትን ሳልሰማ እኔን አትመዝግቡኝ» ብላ ነበርና የእሷ ድምፅ አልተመዘገበም።

ለምን እንዳልከፈትኩት ብትጠይቁኝ የምመልሰው የለኝም። ያፌት ሳወራ ከጎኔ ተቀምጦ የሚቀንስልኝ ሰው ነበር። እኔ «መቶ ሰው ከበበኝ» ስል እሱ ቀስ ብሎ «ሃያ በሉት» ይላል፤ ሰው ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ፣ ወሬው ይቀጥላል። እሱ ከሞተ ወዲህ ማንም አይቀንስልኝም። መቶ ያልኩት መቶ ሆኖ ይቀራል። ይህ እንዴት እንደሚከብድ አታውቁትም።

የዚያን ዓመት ሁለቱ እድሮች ይዋሃዱ ተባለ። የላይኛውና የታችኛው ሰፈር ስዊቾች በአንድ ኬብል ይገናኙና ከሁለቱም ሰፈር የትኛውም ሟች በየትኛውም የዘመዱ ቤት እንዲሰማ ነው። ከሁሉ ቀድመው የጎተጎቱት እትዬ ሃሴት ናቸው። ባላቸው ናታን ከሞተ ቆይቷል፤ ብቻቸውን ነበሩ፤ ብርድ ልብስ እየዘመዘሙ ነው የሚተዳደሩት። በየቤቱ እየዞሩ «አንድ እንሁን፣ አንድ እንሁን» ብለው ሰው አስፈረሙ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ሰፊ ልብ ያለው ሰው ምክንያት አያስፈልገውም ብዬ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ድንኳኑ ተተከለ። ሰላሳ በግ ታረደ። ከደሴ እስከ ሸኖ መንገድ የተዘጋ እስኪመስል ሰው መጣ። በእድሩ ቤት ውስጥ የነበርነው ሦስት ነን፦ ጋሽ ማክቤል፣ ስዊቹን ካቀረበው ድርጅት የተላከችው ኢንጂነር ማራናታ፣ እና እኔ። ማራናታ የአዳማ ልጅ ናት፤ ሦስት ሹራብ ደርባ ትንቀጠቀጣለች። እኔ በሸሚዝ ነበርኩ።

ኬብሉን ሰካችው። መልእክቱ መምጣት ጀመረ፣ እኔም እየተከታተልኩ በማጉያው ለድንኳኑ አነባለሁ።

«ደረጃ ስድስት፦ በረኛ አዲስ ጎረቤት አግኝቷል!»

እልልታ።

«ደረጃ ስድስት፦ ስም ያዥ ከታችኛው ሰፈር ስሞችን እየተቀበለ ነው!»

እልልታ፣ ጭብጨባ፤ አንዱ ጭራሽ ፎከረ።

«ደረጃ ሦስት፦» ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ።

«ምን ይላል?» አሉ ጋሽ ማክቤል።

«ወልደ ሰንበት በሁለት ቦታ ተገኝቷል። ይዘቱ አይመሳሰልም። ማዋሃድ አልተቻለም። የታችኛው ሰፈር መግቢያ ፖርት ተነጥሏል።»

ማጉያውን አላጠፋሁትም ነበር። ሰው ሁሉ ሰማ። በዚያው ቅጽበት በታች ሰፈር ቤቶች ያሉት ሳጥኖች በሙሉ ዝም አሉ፤ እቤት የቀሩት በስልክ ደውለው ለድንኳኑ አረዱ። ከዚያ የሆነውን በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ሰው አለቀሰ። ደረት ተመታ። አንዲት ሴት «እናቴ ተነጠለችብኝ!» እያለች ስትወድቅ ሌሎቹ ደግፈው አነሷት። ድንኳኑ ስንት ዘመን ያጣውን ለቅሶ በአንድ ቀን አገኘ።

ጥፋቱ የስዊቹ አይደለም። ሰው ሲሞት ቄሱ ፍትሐት የሚያደርሱለት በዓለም ስሙ አይደለም፣ በክርስትና ስሙ ነው። እኛም ሙታኖቻችንን ያስመዘገብናቸው ቄሱ በሚጠሯቸው ስም ነበር። ገብረ ማርያሞቹንና ወልደ ሚካኤሎቹን ብዙ ስለሆኑ ማራናታ ቀደም ብላ በተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን ለይታ አስገብታቸዋለች። ወልደ ሰንበት ግን ብርቅ ስም ነው፤ አንድ ብቻ ነው ብለን ማንም አላሰበበትም።

«ወልደ ሰንበት ማን ነው?» አሉ ጋሽ ማክቤል።

«የእኔ ወንድም» አልኩ። 

«የእኔም ናታን ወልደ ሰንበት ነው» የሚል ድምፅ ከኋላችን መጣ። እትዬ ሃሴት በሩ ላይ ቆመዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል።

ማራናታ ጣቶቿን በትንፋሿ እያሞቀች «ቀላል ነው» አለች። «ኬብሉን እነቅለዋለሁ፣ ሳጥኖቹ መልሰው ይናገራሉ። አንዱን ስም ለይቼ አስገባለሁ። በሚቀጥለው እሑድ ተመልሰን እንሰካዋለን።»

«ምን አልሽ አንቺ ልጅ?» አሉ ጋሽ ማክቤል።

«ሳምንት ነው ጋሼ።»

«ድንኳን ተተክሎ፣ በግ ታርዶ፣ የታች ሰፈር ሰው ልብሱን አጥቦ መጥቶ፣ ሙታኑን እንንቀልና ‹በሉ ለሚቀጥለው እሑድ› እንበለው? በእኔ ዳኝነት?»

«ለቀብር እኮ አይደለም የመጡት፤ ይመለሳሉ።»

«አዳማ ይመለሳሉ ይሆናል። እዚህ አንዴ የተበተነ እድር አይሰበሰብም። ሌላ መንገድ የለሽም?»

 ማራናታ መልስ መስጠት እንዳልፈለገች እያስታወቀባት «አለ» አለች። «ከሁለቱ አንዱን ወገን ይያዝ ማለት ይቻላል። የተያዘው ይቀራል። ያልተያዘው ይጠፋል።»

«ይጠፋል ማለት?» አልኳት።

«ይጠፋል ማለት ይጠፋል ነዋ።»

«ከፍተን አንሰማቸውም?»

«ተነጥለው እያሉ ስማቸውን እንጂ ውስጣቸውን አላይም። ለዚህ ነው ሳምንት ያልኩት።»

ስዊቹ ይጮኻል። መብራቱ እንደ እሳት ቀልቷል። ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ ከውጭ አሥር ሺህ ሰው ያለቅሳል፣ ጋሽ ማክቤል ላብ በላብ ሆነዋል፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ላብ! ከመላው ኢትዮጵያ ይህን ሊወስን የሚችል አንድ ሰው ቢፈለግ፣ እግዚአብሔር እዚያች ክፍል ውስጥ አስቀምጦት ነበር።

አሰብኩ። ያፌት ታች ነው። እትዬ ሃሴት የላይ ሰፈር ሰው ናቸው፤ ናታን ላይ ነው። ታችኛውን ይያዝ ካልኩ ወንድሜ ይተርፋል፣ እኚህ ባልቴት ሰላምታ የሚሰጣቸው ያጣሉ። ላይኛውን ይያዝ ካልኩ ናታን ይተርፋል፣ ያልከፈትኩት ወንድሜ ሳልከፍተው ይሄዳል።

«እርግጠኛ ነህ የቱ የት እንዳለ?» አለችኝ ማራናታ።

«የገዛ ወንድሜ የት እንዳለ የማላውቅ መሰለሽ?»

ወደ እትዬ ሃሴት ዞርኩ። ማጉያው በእጄ ነው፣ አሁንም አልጠፋም። «እትዬ ሃሴት!» አልኩ፤ ድምፄ ከተማውን ሞላው። «እርስዎ ጠዋት ጠዋት ባለቤትዎን እንዲያናግሩ፣ እኔ ወንድሜን ሰጥቻለሁ!»

ድንኳኑ ውስጥ ለቅሶው ቆመ። እትዬ ሃሴት ሮጠው መጥተው ክንዴን ያዙኝ። «ቆይ» አሉኝ። «ቆይ ልጄ፣ አንዴ ልናገር።» ለእኔ ብለው እንደሆነ ገባኝ። ደግ ሰው ደግነት ሲደረግለት አይችለውም። እጃቸውን ቀስ ብዬ አስለቀቅኩና «ላይኛው ይያዝ» የሚለውን ነካሁ።

«ደረጃ አምስት፦ የታችኛው ወልደ ሰንበት ተሰርዟል። ማዋሃዱ ተጠናቋል።»

ይህን መልእክት ራሴ ነኝ ያነበብኩት። የገዛ ወንድሙን መሰረዝ በማጉያ ያነበበ ሰው ከእኔ በፊት አልነበረም፣ ከእኔም በኋላ አይኖርም። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። በታች ሰፈር ሳጥኖቹ አንድ በአንድ ተነሡ፤ ሙታኑ ምን እንደሆነ ሳያውቁ «ምን ተገኘ? ለምን ታለቅሳላችሁ?» ይሉ ጀመር። ሰዎች በትከሻቸው ተሸክመውኝ እስከ ጠባሴ ሰፈር ወሰዱኝ። ጋሽ ማክቤል እስኪሞቱ ድረስ ዳኛ ሆነው ኖሩ። ማራናታ ግን የቀረበላትን ሥጋ ሳትቀምስ በዚያው ቀን ወደ አገሯ ተመለሰች።

በማግስቱ የእትዬ ሃሴት ቤት ሳጥን ናታንን ተቀበለች። እኔ አጥሩ ሥር ቆሜ ጆሮዬን ሰጠሁ። ሳጥኑ የሚለው ወደ ውጭ አይሰማም፤ የእሳቸው ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። «ደህና አደርክ?» አሉ። ከዚያ ዝም አሉ። ከዚያ ሲያለቅሱ ሰማኋቸው፤ ደግሞ ብዙ አለቀሱ። ደስታ እንዲህ እንደሚያስለቅስ ያን ቀን አወቅሁ። እኔም ከዚህ ማዶ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እሰማቸው ነበር። «ናታን፣ ዛሬ ብርድ ነው።» «ናታን፣ ሰውየው አጥሩን ቀለም ቀባው፤ ቀለሙ ግን ምንም አያምርም።» በሰፈሩ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ሲሰማ ወደ እኔ ይመለከታል። «የኪሩቤል ሥራ ነው» ይላሉ። በየሠርጉ፣ በየክርስትናው ከፊት ያስቀምጡኛል። ታሪኩን አውራን ይሉኛል፣ አወራለሁ። በየዓመቱ ድንኳኑ ይሰፋል፣ ስዊቹ ይጮኻል፣ በመጨረሻ ላይ ጭስም ነበረበት።

ሰው የሚያስበው ወንድሜን ስለሰጠሁ ደረቴ ሞልቶ እንደምኖር ነው። ደረቴማ ሞልቷል። ግን ወሬዬን ጨርሼ ቤቴ ስገባ የእኔ ሳጥን መስኮት ሥር ጨርቅ ለብሳ ተቀምጣለች። ማንም አልገባባትም። በሰፈሩ ባዶ ሳጥን ያለው ቤት የእኔ ብቻ ነው። ጨርቋን አንስቼ የማይበት ቀን አለ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለማን ይነገራል? አንድ ጠዋት ከፍቼው ቢሆን ኖሮ ይበቃኝ ነበር። ሰላም እንኳ ባይለኝ፣ የሆነ ነገር ስነግረው አንዴ «ሃያ በሉት» ቢለኝ። ፋሲካ ነበር፣ መስቀል ነበር፣ ተራ ማክሰኞና ተራ ረቡዕም ነበር። እናቴ ጠብቃኝ ነበር። ጊዜ አጣሁ ያልኩት እኔ፣ ሲወራ የማይመሽብኝ ሰው።

ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ ሁሉም ነገር አለቀ። ከላይ በመጣው መመሪያ የሙታንን ድምፅ ማስቀመጥ ቀረ፤ ስዊቾቹም እንዲነሡ ተወሰነ። ሳጥኖቹ እኩለ ቀን ላይ ዝም እንደሚሉ በመጨረሻው መልእክቴ አነበብኩ። ደረጃው ስድስት ነበር፤ ለወሬ ያህል። የአገሩ ሙታን ሁሉ ዳግም ሊሄዱ ነው፤ ስዊቹ ግን ነገሩን ከኬብል መነቀል አላስበለጠውም። ጠዋቱን ሙሉ በየቤቱ ስንብት ነበር። እኔ የምሰናበተው ስላልነበረኝ መንገድ ላይ ቆሜ ከአዲስ አበባ ለመጡት ጋዜጠኞች ይህንኑ ታሪክ ሳጫውታቸው አረፈድኩ። እኩለ ቀን ሲሆን ሰፈሩ ጸጥ አለ። ከዚያ በየግቢው የሰው ለቅሶ ብቻ ተሰማ፤ ድንኳኑም ወጣ።

የማስታውሰው ይኼው ነው። እስከዚህ ከጻፍኩ በኋላ ወረቀቱን ይዤ እትዬ ሃሴት ዘንድ ሄድኩ። ለካ በአጥር ስሰማቸው ኖርኩ እንጂ በበር ገብቼ አላውቅም ኖሯል። ብርድ ልብስ ይዘመዝሙ ነበር፤ ወንበር ሰጡኝ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። ስፌታቸውን አላቋረጡም። በጉ ሰላሳ ነበር ስል እንኳ ቀና አላሉም። ስጨርስ እስክሪብቶውን አቀበልኳቸው።

«እዚህ ጋ ነው የሚፈርሙት፣ ከሥሩ።»

እስክሪብቶውን ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። «እንዲህ አልነበረም፣ ኪሩቤል» አሉ ቀስ ብለው።

«የቱ?»

«ሁሉም።»

ሳቅሁ። «በጎቹን ከሆነ ልቀንስ እችላለሁ።»

«ናታን ታች ነበር» አሉ። «ተወልዶ ባደገበት፣ በእናቱ እድር። ጠዋት ጠዋት ቁልቁል የምወርደው የት ይመስልህ ነበር? አማቴ ቤት እየሄድኩ ነበር የማናግረው። አንድ እንሁን ብዬ ሰው ያስፈረምኩት ጉልበቴ ዳገቱን እምቢ ቢለኝ ነው።»

«ያፌትስ?»

«እናትህ ናቸው ወደ ላይ ያዛወሩት፣ ሊሞቱ ሰሞን። ‹ኪሩቤል በየቀኑ የሚገባበት ቤት ይሁን፣ አንድ ቀን ይከፍተዋል› ብለው። ነግሬዋለሁ አሉኝ። ስነግረው እያወራ ነበር አሉ።» ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። «ያን ዕለት ልነግርህ ነው ክንድህን የያዝኩት። በማግስቱ ሳጥኔን ከፍቼ ደህና አደርክ ስል የቀረው ወልደ ሰንበት፣ ያንተው ያፌት፣ ‹ማን ልበል?› አለኝ።»

ወረቀቱ በእጄ ነበር። የት እንደማስቀምጠው አላወቅሁም።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ ታወራዋለህ። ካወራኸው ባዕድ ቤት ገብቷል ተብሎ እሱንም አጥር ይደመስሰዋል። የራሴን ሰው አጥቻለሁ፤ ያንተን ደግሞ ልጨምር?» ሌላ ክር በመርፌው ቀዳዳ አስገቡ፤ ትንሽ ጊዜ ወሰደባቸው። «ሰው እንዳይጠረጥር ናታን ብዬ ስጠራው መጀመሪያ ግራ ይገባው ነበር። ኋላ ለመደው። ጨዋ ልጅ ነው። አንተን ሳይጠይቀኝ ያደረበት ቀን የለም።»

ወረቀቱን አጠፍኩ። እሳቸው ግን ቀጠሉ፤ ድምፃቸው ከመርፌው በላይ አይሰማም።

«ማክሰኞ የሚያሰጋ ነገር አልነበረም፣ ያው ሊያልቅ ነው። መስኮቱን ከፍቼ ጠራሁህ። ‹መጣሁ› አልከኝ፣ ሳትዞር፤ ለጋዜጠኞቹ እየነገርካቸው ነበር። ‹ያ የኪሩቤል ድምፅ አይደለም እንዴ?› አለኝ ያፌት። ነው አልኩት። ‹ስለ ምን ነው የሚያወራው?› ስላንተ ነው አልኩት። ሳቀ። ‹እንግዲያው ቶሎ አይጨርስም› አለኝ፤ ‹ግዴለም፣ እጠብቀዋለሁ።›»